ቦርከና ባሕር አይደርስም

ሳሎናችን ውስጥ ቡፌው ላይ አንድ ትልቅ ዛጎል አለ። ሁለት እጅ ይሞላል። ውጪው እንደ ግመል ጉልበት ሻካራ ነው፤ ውስጡ ግን ልስልስ ብሎ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ቀለም አለው። አባባ ከአሰብ ያመጣው ነው። መቼ እንዳመጣው ሲጠየቅ መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል። አንዳንዴ «እናትሽን ሳላገባ ነው» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ «አንቺ የተወለድሽ ዓመት»። እማማ ሁለቱንም ሰምታ ዝም ትላለች።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ቆልፈን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቁልፍ አላስፈለገንም። ቴሌቪዥኑ የለም። ፍሪጁ የለም። የቡፌው መስታወት ሊሾው ላይ እንደ ስኳር ተበትኗል። ዛጎሉን ሶፋ ሥር ተንከባሎ አገኘነው። የሚፈልገው ጠፍቶ ነው መሰለኝ የተረፈው። ጫፉ ትንሽ ተሸርፏል። አባባ አነሳውና በጋቢው ጫፍ ጠራረገው። ከዚያ ጆሮው ላይ አደረገው።

«አለ» አለ።

ባሕሩ አለ ማለቱ ነው። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ዛጎል ውስጥ የሚሰማው ባሕር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዙሪያችን ያለው ድምፅ ነው ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ የሚመላለሰው። ያን ቀን ግን አልነገርኩትም። እስካሁንም አልነገርኩትም።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን የምለው ከወዲሁ ላሳውቃችሁ ብዬ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ባሕር ነው። ኮምቦልቻ ወደብ አላት፤ ደረቅ ወደብ። በጎኑ ሳልፍ የተደረደሩትን ኮንቴይነሮች አያለሁ፤ ጨው በልቷቸው የዛጉ፣ የማላውቀው አገር ስም የተጻፈባቸው። የባሕር ነገር ለኔ ይህ ነበር። ዝገት።

ወደ ባሕር የሚፈስ ውሃም የለንም። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ይነሳል፤ በኮምቦልቻ በኩል አድርጎ ወደ ከሚሴ ሜዳ ይወርዳል፤ ኋላ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ እንደ ሌላው ወንዝ አይደለም። አፋር ምድር ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የተረፈውን ፀሐይ ትጠጣዋለች። ስለዚህ እኛ ቦርከና ውስጥ የጣልነው ፌስታል ቀይ ባሕር አይደርስም። ለማጽናናት አይደለም የምላችሁ፤ ከሚሴ ይደርሳል።

ከኮምቦልቻ ባሕር ድረስ ይሄድ የነበረው መንገዱ ነው። አባባ በ1964 ዓ.ም. በጭነት መኪና ረዳትነት ጀመረ፤ ኋላ መሪ ያዘ። በኤንትሬ ፊያት፣ ከነተሳቢው፣ ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ፣ አሰብ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ላይ የኤርትራ ጦርነት መጣና መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ መኪናው በአብዛኛው ጅቡቲ ነው የሚሄደው። አባባም ጅቡቲ ተመላልሷል፤ ግን ስለ ጅቡቲ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ስለ አሰብ ግን ያወራል። ከሁሉ በፊት የሚያወራው ስለ ሙቀቱ ነው። «ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ባሕር ትገቢያለሽ፤ ሻይ ነው። ስኳር ብቻ ነው የቀረው።» ያጋነነ ይመስለኝ ነበር። አላጋነነም። የቀይ ባሕር ደቡቡ ክፍል በበጋቸው የላይኛው ውሃ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። በዓለም ካሉ ሞቃት ባሕሮች አንዱ ነው። የሚገባበት ይህ ነው የሚባል ወንዝ የለም። የሚተነው ብዙ፣ የሚዘንበው ጥቂት። ስለዚህም ጨዋማ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ ስልኬ ላይ የኮራል ቪዲዮ አሳየሁት። ባሕር ሥር ያለ፣ አንዱ እንደ ጎመን፣ አንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ፣ አንዱ እንደ በግ አንጎል። «ይሄንን አውቀዋለሁ» አለ ወዲያው። አሰብ ላይ ሲዋኝ እግሩን ቆርጦት ያውቃል። ድንጋይ ነበር የመሰለው።

ድንጋይ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ድንጋዩ ቤቱ ነው። ኮራል ገላው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አከራይቶ ይኖራል። አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ለአከራያቸው ይሰጣሉ። አብዛኛው ቀለምም የነሱ ነው። ታዲያ ውሃው ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ ተከራዮቹን ያስወጣል። ይነጣል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም። ተርቧል። ቶሎ ከቀዘቀዘለት አልጌዎቹ ይመለሳሉ፤ ካልቀዘቀዘ በረሃብ ያልቃል።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ወሎ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው «ረሃብ» የሚል ቃል ካነበበ ዝም ብሎ አያልፍም። ሙቀት የባሕር እንስሳን የሚገድለው እንደ ፍል ውሃ አቃጥሎ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኮራልን ብዙ ጊዜ የሚገድለው አስርቦ ነው።

ይህ መንጣት በዓለም ደረጃ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ቀጥሎ በ2010 መጣ። ቀጥሎ ከ2014 እስከ 2017፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። አራተኛው በ2024 ይፋ ሆነ። ልብ በሉ፣ ድርቃችንም እንዲሁ ነው የተቀራረበው። ድሮ በአሥር ዓመት አንዴ ይባል ነበር፤ ማገገሚያ ጊዜ ነበረ። ኮራሉም ላይ ችግሩ ይህ ነው። የነጣ ሪፍ፣ ማለትም የኮራል ሰፈር፣ ደህና ሆኖ እስኪመለስ አሥር ዓመት እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አሥር ዓመት የሚሰጠው ጠፋ።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሪፖርት የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከኮራል ሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶው ይጠፋል ብለዋል። 2 ዲግሪ ከሆነ ከ99 በመቶ በላይ። ሪፍ ከባሕር ወለል መቶኛውን እንኳ አይሸፍንም። ከባሕር ውስጥ ፍጡራን ግን ሩብ የሚሆኑት ኑሯቸው እሱ ላይ ነው። ዓሣው የሚፈለፈለው እዚያ፣ የሚደበቀው እዚያ ነው።

አባባን የሳበው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ሌላ ነገር ነው። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የበረዶ ዘመን በነበረ ጊዜ፣ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። የቀይ ባሕር ደቡብ በር፣ ባብ ኤል መንደብ፣ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ቀይ ባሕር ጨው በጨው ሆነ፤ ብዙው ፍጡር አለቀ። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲመለስ ኮራሎች ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እንደገና ገቡ። መግቢያው ያው ባብ ኤል መንደብ ነው፤ ከአሰብ ወረድ ብሎ ያለው ጠባብ በር። በሩ ደግሞ እሳት ነው። ያን ሙቀት ያልቻለ እዚያው ቀረ። የቻለው አለፈ፤ ትውልድ በትውልድ እየተሻገረ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ፣ እስከ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት የአቃባ ኮራሎች ዛሬ ሙቀት ሲጨምር ከሌሎቹ የበለጠ የሚችሉት ለዚህ ነው። አያቶቻቸው በእሳት በር አልፈዋል።

አባባ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «በዲቾቶ ያለፈ መኪና የትም አይቆምም!» አለ። ዲቾቶ በአሰብ መንገድ ላይ ያለ የአፋር በረሃ ነው። እዚያ ራዲያተሩ ስንቴ እንደፈላበት፣ ስንቴ የመጠጥ ውሃውን ለመኪናው እንዳጠጣ ነገረኝ። ይህን መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

«በሩ ላይ የቀሩትስ?»

በሩ ላይ ያሉት፣ ማለትም የአሰብ አካባቢ ኮራሎች፣ ድሮውኑም የሚችሉት ጫፍ ላይ ናቸው። ሰሜኖቹ ቀዝቀዝ ወዳለ ውሃ ስለሄዱ መንፈላሰሻ አላቸው። እነዚህ የላቸውም። ከዚያ በላይ አንድ ዲግሪ ሲጨመር የሚሸሹበት የለም። ይህን ስነግረው «እግሬን የቆረጠኝ እሱ ነዋ» አለና ዝም አለ።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ከጭሳችን ነው። «ጭሳችን» ስል የኛ ድርሻ ኢምንት መሆኑን ሳልረሳ ነው። ኢትዮጵያ ወደ አየር የምትለቀው ከዓለም ድርሻ አንድ በመቶ አይሞላም። ግን የአባባ ኤንትሬ ሐረጎን ስትወጣ የምትተፋውን ጥቁር ጭስ ያየ ሰው ንጹሕ ነን ማለት ይከብደዋል። ፌስታላችን ባሕር አይደርስም። ጭሳችን ይደርሳል። ጭስ ድንበርም ቪዛም አያውቅም።

በሰው ምክንያት ምድር ላይ ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ውቅያኖስ ነው። ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሩብ ያህሉን ይውጣል። ይህ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ኮምቦልቻ ዲቾቶን ባሰች ነበር። ባሕሩ የኛን ዕዳ ሲከፍል ኖሯል። እየከፈለ ያለውም ከራሱ ልጆች ጉሮሮ ነው።

የዋጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል። ክፍል ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ተማሪዎቼ ባሕር አላዩም፤ አስተማሪያቸውም አላየችም። ስለዚህ አቼቶ ገዛሁ።

አቼቶውን በብርጭቆ ቀዳሁ። ዛጎልም ያስፈልገኝ ነበር። የአባባን ትልቁን ዛጎል አስቤው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በኋላ የሴት አያቴ አገልግል ትዝ አለኝ። አባባ አሰብ ሲሄድ ስንቁን የሚይዝባት ቆዳ የተለበጠች አገልግል ናት፤ ክዳኗ ዙሪያውን ትንንሽ ነጭ ዛጎል ተሰፍቶበታል። ክሩ አርጅቶ አንዱ ለብቻው ተንጠልጥሏል። በጠስኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም።

አቼቶው ውስጥ ስጨምረው መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ኋላ ጥቃቅን አረፋ ገላው ላይ ተለጠፈ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። የኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ተነስተው ከበቡኝ። «ቲቸር፣ እየተነፈሰ ነው!» አለ አንዱ። እየተነፈሰ አይደለም። እየሟሟ ነው። ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው ይበተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በነጋታው ስናየው ያ የሚያብረቀርቅ ቆዳው የለም። ጠመኔ መስሏል።

እርግጥ ባሕር አቼቶ አይደለም። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ካልሆነ ፈተና ላይ «ባሕሩ አቼቶ ሆኗል» ብለው ይጽፋሉ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል። የባሕር ውሃ ፒኤች ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ ነበር። አሁን 8.1 ገደማ ነው። ዛሬም ቢሆን አልካላይን ነው እንጂ አሲድ አይደለም። «0.1 ብቻ?» አሉ፤ አንዷ እንደውም ሳቀች። ፒኤች ግን እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ በአሥር እየተባዛ ነው የሚሄደው። ያቺ 0.1 ውሃን አሲድ የሚያደርገው ሃይድሮጅን አዮን በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ናት። እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዛጎል የሚሠሩት ፍጡራን የሚፈልጉትን ካርቦኔት ይሻማቸዋል። ሲሚንቶ እንደጠፋበት ግንበኛ ይሆናሉ። ቤቱ አይፈርስባቸውም፤ ለመሥራት ግን ድሮ ከሚያወጡት የበለጠ ጉልበት ያወጣሉ። ትልልቆቹ ይችሉታል። ጫጩቶቹ አይችሉም። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ኦይስተር የሚባለውን ባለዛጎል የባሕር እንስሳ የሚያራቡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 አካባቢ ይህ ደርሶባቸዋል። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች በሚሊዮን ሲሞቱ በሽታ መስሏቸው ነበር። ኋላ ላይ ውሃው መሆኑ ታወቀ።

ሌላው በአምቦ ውሃ የሚታይ ነው። ባቲ ላይ እኩለ ቀን መኪና ውስጥ የዋለ አምቦ ውሃ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ ሱሪ ላይ ነው የሚያልቀው። ውሃ ሲሞቅ ጋዝ አይዝም። ቀዝቃዛው ይይዛል። ኦክስጅንም ያው ነው። ውቅያኖስ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ 2 በመቶ ያህል ቀንሷል። ሁለት በመቶ ጥቂት ይመስላል፤ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አልቀነሰም። አንዳንዱ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ዓሣ የማይኖርበት ሰፈር እየሰፋ ነው። ይባስ ብሎ ዓሣ በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ወጪ ሲጨምር ገቢ ሲቀንስ ማለት ነው። ይህንንስ ደመወዝተኛ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የባሕር ኤሊዎቹን ነገር ስነግራቸው ደግሞ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። የባሕር ኤሊ እንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ይቀብራል። ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ሲሞቅ ሴት ይሆናል። አውስትራሊያ ሰሜን ላይ ወጣቶቹን አረንጓዴ ኤሊዎች ሲመረምሩ ከ100ው 99ኙ ሴት ሆነው ተገኙ። ሴት ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። እነሱ ካሉት ሁሉ የሚጻፍ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም። ለአባባም ብዙ አሰብኩበት።

እ.ኤ.አ. በ1970 ፔሩ አንቾቬታ ከምትባል ትንሽ ዓሣ 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ ታጠምድ ነበር። በዓለም ትልቁ የዓሣ ሀብት ነበር። ዓሣዋ የምትበዛው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ምግብ ይዞ ወደ ላይ ስለሚወጣላት ነው። አንዳንድ ዓመት ግን የላይኛው ውሃ ይሞቅና ያ ቀዝቃዛ ውሃ መውጣቱን ያቆማል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህ ሙቀት በገና ሰሞን ስለሚመጣ «ሕፃኑ» ብለው ሰየሙት፤ ሕፃኑ ኢየሱስን ማለታቸው ነው። በነሱ ቋንቋ ኤልኒኖ። እ.ኤ.አ. በ1972 ብርቱ ኤልኒኖ መጣ። ያለ ልክ ሲያጠምዱ የኖሩበትም ተጨመረና ዓሣዋ ጠፋች። በ1973 ያገኙት ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ወፎቹ በዳርቻው አለቁ።

እ.ኤ.አ. የ1972 መጨረሻና አብዛኛው 1973 በኛ 1965 ነው።

የዕድሜ ባለጸጋ ወሎዬ ፊት 65 ብላችሁ ሞክሩ። ወሬው ሁሉ ይቆማል። ኤልኒኖ ሲመጣ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። ያን ዓመትም እንዲያ ሆነ። ሊማ አጠገብ ዓሣው ሲጠፋ፣ እዚህ ዝናቡ ጠፋ። አባባ 17 ዓመቱ ነበር፤ ረዳት። ከወልድያ እስከ ደሴ መንገዱ ዳር ሰው ተኮልኩሎ እንደነበር አንዴ ነግሮኛል። ሹፌሩ ዳቦ ወርውር ይለዋል። እሱ ይወረውራል። «የወረወርኩትን ማን እንዳነሳው ዞሬ አላየሁም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። 65ን ውቅያኖስ ብቻ አላመጣውም። ድርቅ ሌላ ነው፣ ረሃብ ሌላ። ድርቁን ረሃብ ያደረገው የደበቀው መንግሥት ነው፤ እህል እያለ ያልደረሰው እጅ ነው። ኤልኒኖም ራሱ የአየር ንብረት ለውጥ የፈጠረው አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ይመጣ ይሄድ ነበር። ልዩነቱ አሁን የሚመጣው ቀድሞውኑ በሞቀ ባሕር ላይ መሆኑ ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ላይ ወባ እንደመጨመር። በ2008 ዓ.ም. የመጣው ኤልኒኖ 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ለእርዳታ ዳርጓል። ያን ጊዜ አልተደበቀም፤ እንደ 65ም አልሆነም።

ከፔሩ ቀረብ ያለም አለ። በኛ በኩል ያለው ሕንድ ውቅያኖስ፣ ምዕራባዊው፣ በዓለም ፈጥነው ከሚሞቁት አንዱ ነው። ባለፈው አንድ ክፍለ ዘመን በበጋው ወራት 1.2 ዲግሪ ያህል ሞቋል። የሞቀ ባሕር አውሎ ነፋስ ይመግባል። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ከዓረብ ባሕር ተነስተው የዓረቢያን ባዶ በረሃ በዝናብ አጥለቀለቁት። ሰው የሌለበት አሸዋ አረንጓዴ ሆነ። ማንም ሳያየው አንበጣ እዚያ ተራባ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቃሉ ወረዳንና የባቲን ማሽላ የበላው የዚያ አንበጣ ዘር ነው።

ያን ሰሞን ባቲ አካባቢ ዘመድ ቤት ነበርኩ። ሰማዩ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ደረቅ ገለባ የሚረገጥ ይመስላል። ሕፃን ሽማግሌው ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። እኔም የወጥ ክዳን ይዤ ወጣሁ። አንበጣው ከአንዱ ማሳ ይነሳና የጎረቤቱ ላይ ያርፋል። የጎረቤትየው ልጆች ደግሞ ወደኛ ያባርሩታል። ማታ ላይ የማሽላው አገዳ እንደ ጥርስ መፋቂያ ቆሞ ቀረ። አባባ በስልክ «ከየት ነው የመጣው?» ሲለኝ በምሥራቅ በኩል አልኩት። «በአሰብ መንገድ ነው በይኛ!» አለኝ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ሳቅሁ። መንገዱ የተዘጋው ለሰው ብቻ ነው ለካ።

ስለ ረሃብ ካነሳሁ አይቀር የአላስካውን ሸርጣን ልጨምር። ቤሪንግ ባሕር ውስጥ ከ2018 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ከ10 ቢሊዮን በላይ የበረዶ ሸርጣን ጠፋ። አጥማጆቹ የሄደበትን አጡ፤ በ2022 ማጥመዱ ተከለከለ። መጀመሪያ ሙቀቱ ገደለው ተባለ። ሲመረመር ግን ያ ሙቀት ሸርጣኑ የሚቋቋመው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ሲሞቅ ገላው የሚፈልገው ምግብ ይጨምራል። ብዙ ሆነው ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቀው ነበር። ምግቡ አለቀ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ትዝ ያለኝ የአባባ ዳቦ ነው። ሸርጣንን ከሰው ጋር ማወዳደር ነውር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ትዝ ያለኝን ትዝ አላለኝም አልልም።

ዘንድሮ በልጉ ዘገየ። ደሴ ዙሪያ፣ ኩታበር፣ ለጋምቦ ያለው ደገኛ በልግ ካልዘነበለት ግማሽ ዓመቱ ባዶ ነው። የበልጉ ዝናብ እርጥበቱን ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል ነው የሚያመጣው። መጋቢት ገብቶ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ለዝናብ ዱዓ ተደርጓል፤ በቤተ ክርስቲያን በኩልም ምህላ ነበር። እማማ ሁለቱም ጋ እጣን ልካለች። ወሎ እንዲህ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሰን ቡና ይዘናል። አባባ እስክሪብቶ ሲፈልግ የእስክሪብቶ ማስቀመጫዬን ገለበጠውና ያቺ አቼቶ የበላት ዛጎል ወደቀች። አነሳት። በሻማው አገላበጣት።

«ይቺ የእናቴ አገልግል አይደለችም?»

ምን እንዳደረግኋት ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። በአውራ ጣቱ አሻት። ጣቱ ነጣ።

«ጠመኔ ሆናለች እኮ» አለና ከሶፋው ወርዶ ሊሾው ላይ ቁጭ አለ። በዛጎሏ ወለሉ ላይ ነጭ መስመር ጀመረ። «ኮምቦልቻ» አለ። ከዚያ በጠመዝማዛው ወረደ። «ባቲ።» መስመሩ ረዘመ። «ሚሌ። ሎግያ።» ጠረጴዛውን ገፋሁለት። «ዲቾቶ» ሲል እየተነፋፈሰ ሳቀ። «ኤሊዳር። ማንዳ።» በየቦታው እየቆመ ማን የት ሻይ እንደምታፈላ፣ የት ጎማ እንደሚሠራ ይነግረኛል። ዛጎሏ በየከተማው እያነሰች መጣች። እማማ ሻማውን አንስታ ተከተለችን።

«ቡሬ» ሲል እጁ ውስጥ ተሰበረች።

ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰብስቦ ወደቀረው ወለል አየ። እስከ ግድግዳው አንድ ክንድ አይሞላም።

«ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው» አለኝ። «በፍሬን አይደለም፤ በማርሽ ነው የሚወረደው።»